ክሮም ፓስዎርድ አልሞላም ሲል፦ ካሽ ከማጥፋትዎ በፊት የሚታይ ነገር አለ

ጥያቄው፦ «ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ባለች አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ እሠራለሁ። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለውን ኮምፒውተር ሦስት ሆነን በፈረቃ እንጠቀምበታለን። መብራት እየሄደ እየመጣ ዊንዶውሱ ተበላሸና ባለሙያ ፎርማት አድርጎ ክሮምን እንደገና ጫነልን። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተዘበራርቋል። የክፍል ማስያዣ የምንቀበልባቸው አንዳንድ ሳይቶች ላይ ዩዘርኔምና ፓስዎርዱ እንደ ድሮው ራሱ አይሞላም። አንዱ ላይ የባልደረባዬን እንጂ የእኔን አያመጣም። አንዱ ላይ ደግሞ ሞልቶም ‹ግባ› የሚለው ቁልፍ አይሠራም። ስልኬ ላይ በቴሌግራም የተላከ ሊንክ ስከፍት ምንም የሚሞላ የለም። ‹ካሽና ሂስትሪውን በሙሉ አጥፊው፣ ይስተካከላል› ተብያለሁ። ላጥፋው? ጥምቀት ሳይደርስ መላ እፈልጋለሁ።»

አያጥፉት። ቢያንስ ዛሬ አያጥፉት። የብሮውዘሩን ታሪክ የሚያጠፋው ሳጥን «አድቫንስድ» በሚለው ገጹ ላይ፣ በብዙ የክሮም ስሪቶች፣ «ፓስዎርድስ ኤንድ አዘር ሳይን-ኢን ዳታ» የሚል ምልክት ማድረጊያ አለው። «ሁሉንም» ብሎ የሚያጠፋ ሰው ያንንም አብሮ ይነካዋል። ሲንክ (ፓስዎርዶችን በጉግል አካውንት በኩል በሁሉም መሣሪያዎችዎ ላይ አንድ የሚያደርገው) በርቶ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ እዚያው ኮምፒውተር ላይ አይቆምም፤ በዚያው የጉግል አካውንት የገባው ስልክዎ ላይ ያለው ፓስዎርድም አብሮ ይሄዳል። ካሽ (ብሮውዘሩ ገጽ ቶሎ ለመክፈት የሚያስቀምጠው ቅጂ) ማጥፋት ገጽ ተበላሽቶ ሲታይ ይረዳል እንጂ ያልተቀመጠ ፓስዎርድ አያመጣም። የዘረዘሯቸው አራት ችግሮች መነሻቸው አራት የተለያየ ነገር ስለሆነ በአንድ መድኃኒት አይድኑም።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። «ድሮ ራሱ ይገባ ነበር» ሲባል ሁለት ነገር ይቀላቀላል። አንዱ ኩኪ ነው፦ አንዴ ከገቡ በኋላ ሳይቱ ያስታውስዎትና ቀጥታ ወደ ውስጥ ያሳልፍዎታል፤ ፓስዎርድ የሚጠየቅበት ገጽ ራሱ አይታይም። ሌላው ራስ-ሙላ ነው፦ ገጹ ይመጣል፣ ብሮውዘሩ ሳጥኖቹን ይሞላል፣ እርስዎ «ግባ»ን ይጫናሉ። ፎርማት ሲደረግ ኩኪውም ፓስዎርዱም አብረው ይጠፋሉ። ስለዚህ አሁን በየቀኑ የመግቢያ ገጽ ማየትዎ ብቻውን ብልሽት አይደለም፤ አንዴ ገብተው «አስታውሰኝ» የሚለውን ምልክት ካደረጉ በዚያ በኩል ያለው ያልቃል።

አሁን ፓስዎርዱ ጨርሶ መኖሩን ይዩ። ክሮም ላይ በቀኝ ላይኛው ጥግ ያሉትን ሦስት ነጥቦች፣ ከዚያ «ፓስዎርድስ ኤንድ ኦቶፊል»፣ ከዚያ «ጉግል ፓስዎርድ ማናጀር»ን ይክፈቱ። የሳይቶቹ ዝርዝር ይመጣል። የሚፈልጉት ሳይት ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ የሚሞላ ነገር የለም ማለት ነው፤ ሴቲንግ ውስጥ መመላለስ ትርፉ ድካም ነው። ካለ ግን ወደ አድራሻው ጉዳይ እንሄዳለን፤ እሱን ከታች በሰፊው አመጣዋለሁ።

ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ ምክንያቱ ፎርማቱ ነው፤ ይህን ጠንቅቆ ማወቅ ይጠቅማል፣ ነገም ይደገማልና። ክሮም ዊንዶውስ ላይ ፓስዎርዶችን «ሎግኢን ዳታ» በሚባል ፋይል ያስቀምጣል፤ ግን ቆልፎ ነው የሚያስቀምጠው። ቁልፉ የታሰረው ከዚያ ዊንዶውስ ከዚያ ተጠቃሚ አካውንት ጋር ነው። ባለሙያው ከፎርማቱ በፊት የክሮምን ፎልደር በፍላሽ ወይም በዲ ድራይቭ ላይ ቢገለብጥልዎ እንኳ፣ አዲሱ ዊንዶውስ አሮጌውን ቁልፍ ስለማያውቀው ፋይሉ ተመልሶ ቢገባም አይነበብም። ክሮም ዝርዝሩን ባዶ አድርጎ ያሳያል ወይም የተወሰነውን ብቻ ያሳያል። የአሮጌው ዊንዶውስ ፓስዎርድ ከታወቀና የተጠቃሚው ሙሉ ፎልደር፣ የቁልፎቹ ማስቀመጫ ጭምር፣ በቅጂው ውስጥ ካለ ማውጣት ይቻላል፤ ነገር ግን ራሱን የቻለ የባለሙያ ሥራ ነው። የክሮም ፎልደር ብቻ ካለዎት ጊዜዎን አያባክኑ።

ፎርማት ሳይደረግም ይህ ሊደርስ ይችላል። የዊንዶውሱን የመግቢያ ፓስዎርድ ባለቤቱ አሮጌውን አስገብቶ ሲቀይረው ቁልፉ አብሮ ይታደሳል። አሮጌው ተረስቶ ሌላ አድሚን በጉልበት ሪሴት ሲያደርገው ግን ቁልፉ ይቆለፍበታል፣ የተቀመጡት ፓስዎርዶችም አብረው። «የዊንዶውስ ፓስዎርድ ከተረሳ ምን አለ፣ በሁለት ደቂቃ ይሰበራል» የሚባለው ዋጋው ይህ ነው።

ፋየርፎክስ በዚህ ይለያል። ፓስዎርዶቹን የሚይዘውና ቁልፉን የሚይዘው ሁለት ፋይሎች በአንድ የፕሮፋይል ፎልደር ውስጥ አብረው ይቀመጣሉ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ቢወስዱ ይከፈታሉ። ለዚህ ነው ለፋየርፎክስ ዋና ፓስዎርድ ማበጀት የግድ የሚሆነው፤ ያለዚያ ፎልደሩን የገለበጠ ሁሉ ይከፍተዋል። መብራት ድንገት ሲሄድ የፓስዎርድ ፋይሉ ቢበላሽ ፋየርፎክስ ያስቀመጠውን ቅጂ ራሱ ለመመለስ ይሞክራል። ካልተሳካለት የፕሮፋይሉን ፎልደር ከፍተው ከፓስዎርድ ፋይሉ ጎን መጠባበቂያ የሚል ስም የጨመረውን ያገኙታል፤ ፋየርፎክስን ዘግተው የተበላሸውን ወደ ሌላ ቦታ ያነሡና መጠባበቂያውን በዋናው ስም ይሰይሙታል።

ወደ እርስዎ ክሮም ልመለስ። ከፎርማቱ በፊት በጉግል አካውንት ገብተው ሲንክ አብርተው ከነበረ ምንም አልጠፋም። ስልክዎ ላይ «ፓስዎርድስ ዶት ጉግል ዶት ኮም» የሚለውን ይክፈቱ፤ ዝርዝሩ እዚያ ካለ ኮምፒውተሩ ላይ በዚያው አካውንት መግባት ብቻ ነው የሚጠበቅብዎ። ገብተውም ካልመጣ ከአድራሻ መጻፊያው በስተቀኝ ያለውን ክብ ምስል ይጫኑ። «ፖዝድ» የሚል ካዩ ሲንኩ ቆሟል ማለት ነው፤ እንደገና ይግቡ። በየጠዋቱ እየቆመ የሚያስቸግር ከሆነ ደግሞ መስኮቱ ሲዘጋ የሳይቶችን ዳታ የሚያጠፋው ሴቲንግ በርቶ ይሆናል፤ ኩኪው ሲጠፋ የጉግል መግቢያውም አብሮ ይጠፋል። አንዳንድ የኮምፒውተር ማጽጃ ፕሮግራሞችም እንዲሁ ያደርጋሉ። ሌላው «ፓስፍሬዝ አስገባ» የሚለው ጥያቄ ነው፤ ይህ የጉግል ፓስዎርድዎ ሳይሆን ከዓመታት በፊት ለሲንክ ብቻ ያበጁት የተለየ ቃል ነው። እሱ እስኪገባ ፓስዎርዶቹ አይወርዱም።

በዚሁ አጋጣሚ ክቡ ምስል የማን እንደሆነ በደንብ ይዩ። ክሮምን የጫነው ባለሙያ ፕሮግራም ለማውረድ ሲል በራሱ አካውንት ገብቶ ሳይወጣ መሄዱ የተለመደ ነው። ከዚያ ወዲህ «ሴቭ» ያላችሁት ሁሉ ወደ እሱ አካውንት እየገባ ሊሆን ይችላል። በሰውየው ላይ ክፋት አልጠረጥርም፤ ግን የማረፊያው ፓስዎርድ በሌላ ሰው ስልክ ላይ መታየቱ ትክክል አይደለም። አካውንቱ የእናንተ ካልሆነ ያስወጡት፣ በእነዚያ ቀናት የተቀመጡትን ፓስዎርዶች ደግሞ ከየሳይቱ ይቀይሩ።

ኮምፒውተሩ አሮጌ ከሆነ ስሪቱንም ይመልከቱ። ዊንዶውስ 7 ላይ የሚጫነው የመጨረሻው ክሮም 109 ነው፤ ከ110 ጀምሮ ዊንዶውስ 10 እና ከዚያ በላይ ይጠይቃል። ከ4 ዓመት በላይ ባረጀ ስሪት ላይ ደግሞ ጉግል ሲንክን ዘግቷል። ባለሙያው በፍላሽ ይዞት የሚዞረውን የድሮ መጫኛ ተጠቅሞ ከሆነ ምክንያቱ እዚህ ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ ደግሞ ጥፋቱ ጨርሶ ከእርስዎ ኮምፒውተር አይደለም፦ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ክሮም 127 ከወጣ በኋላ በነበረ ስህተት በርካታ የዊንዶውስ ተጠቃሚዎች ፓስዎርዶቻቸው ለ18 ሰዓት ያህል ተሰውረውባቸው ነበር። ፓስዎርዶቹ አልጠፉም፤ ጉግል አስተካክሎት ተመለሱ። እንዲህ ባለ ሰዓት ተደናግጦ ያለውን ሁሉ የሚያጠፋ ሰው ነው የሚጎዳው።

ከሁሉ በፊት ግን ሰዓቱን ይዩልኝ፤ እኛ ዘንድ ይህ ችግር ከሌላው ዓለም ይብሳል። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ያለ አሮጌ ኮምፒውተር ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ስትደክም፣ ሶኬቱ በተነቀለ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል። ያን ጊዜ ተረኛው ቀኑን በእጁ ያስተካክላል፣ በእኛ አቆጣጠር። በፈረንጆቹ 2025 መሆን ሲገባው 2017 ይጻፋል። ኮምፒውተሩ አሁን ከስምንት ዓመት በፊት ያለ ይመስለዋል፤ የሳይቶቹ የደኅንነት ሰርተፍኬት (የሳይቱን ማንነት የሚያረጋግጠው መታወቂያ) ሁሉ «ገና ያልተሰጠ» ሆኖ ይታየዋል። ክሮም «ዩር ክሎክ ኢዝ ቢሃይንድ» ብሎ ያቆማል። ማስጠንቀቂያውን አልፎ መግባት ቢቻል እንኳ፣ የሰርተፍኬት ስህተት ባለበት ገጽ ላይ ክሮም ፓስዎርድ አይሞላም፣ «ላስቀምጥ?» ብሎም አይጠይቅም። ሆን ተብሎ የተደረገ ጥበቃ ነው። ሲንኩም በዚያው ይቆማል።

የሰዓቱም ነገር እንዲሁ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን ኮምፒውተሩ ላይ 3፡00 ብሎ የሞላ ሰው በ6 ሰዓት አሳስቶታል፤ መሆን ያለበት 9፡00 ነው። በ6 ሰዓት ልዩነት ገጹ ብዙ ጊዜ ይከፈታል፤ በየ30 ሴኮንዱ የሚቀያየረው የማረጋገጫ ኮድ ግን በዚያው ኮምፒውተር ላይ ከሚሠራ ፕሮግራም ወይም ኤክስቴንሽን (ብሮውዘሩ ላይ የሚጨመር አነስተኛ ፕሮግራም) የሚወጣ ከሆነ ፈጽሞ አይቀበልም። ሰው ይህን አይቶ «የተሞላው ፓስዎርድ ተሳስቷል» ይላል፤ ፓስዎርዱ ግን ደኅና ነው።

ማስተካከያው፦ ዊንዶውስ ሴቲንግስ ውስጥ «ታይም ኤንድ ላንጉጅ» ይግቡ፤ የሰዓት ቀጠናውን ፕላስ 3 ናይሮቢ ያድርጉ (ዊንዶውስ ላይ የእኛም እሱ ነው)፤ ከዚያ ሰዓቱን ራሱ እንዲያስተካክል የሚለውን ያብሩ። የእኛን ቀን ማየት ለሚፈልግ ግድግዳ ላይ መቁጠሪያ ይሰቀል እንጂ ኮምፒውተሩ አይነካ። ሶኬት ሲነቀል ቀኑ የሚመለስ ከሆነ ባትሪዋ ባለ 3 ቮልት 2032 ናት፤ ኮምፒውተሩ ተዘግቶ፣ ከመብራት ተነቅሎ፣ የተጻፈበት ጎኗ ወደ ላይ ሆኖ ይቀየራል።

አሁን ፓስዎርዱ ዝርዝሩ ውስጥ እያለ አለመሞላቱ። ብሮውዘር ፓስዎርድን የሚያስረው ከሳይቱ ስም ጋር ሳይሆን ከሙሉ አድራሻው ጋር ነው፦ ከፊቱ ያለው ደኅንነቱ የተጠበቀ ወይም ያልተጠበቀ መሆኑ፣ የዶሜኑ ሙሉ ስም፣ የፖርት ቁጥሩ ካለም እሱ። የፋሲል ግቢ አንድ ቅጥር ነው፤ በሮቹ ግን 12 ናቸው፣ የአንዱ ቁልፍ ለሌላው አይሆንም። እንደዚያ ይውሰዱት። «ምሳሌ ዶት ኮም» ላይ የተቀመጠ ፓስዎርድ «አድሚን ዶት ምሳሌ ዶት ኮም» ላይ ገጹ እንደተከፈተ ራሱ አይሞላም። ክሮምም ፋየርፎክስም በዝምድና ያቀርቡታል፤ ሳጥኑን ሲጫኑ ከሥሩ በዝርዝር ይወጣል፣ መምረጡ ግን የእርስዎ ነው። ዶሜኑ ጨርሶ ከተለወጠ፣ ለምሳሌ «ዶት ኮም» የነበረው «ዶት ኔት» ከሆነ፣ በአብዛኛው ምንም አይቀርብም። የማስያዣ ሳይቶች የሆቴል ባለቤቶችን መግቢያ ወደ ሌላ ንዑስ አድራሻ ሲያዛውሩ እንዲህ ይሆናል። ዝርዝሩ ውስጥ ያለውን አድራሻና ከላይ የሚታየውን አድራሻ ፊደል በፊደል ያስተያዩ። አዲሱ ትክክለኛ መሆኑን ካረጋገጡ አንዴ በእጅ ጽፈው ይግቡ፣ «ሴቭ» ይበሉ፣ አሮጌውን ያጥፉ።

ማረጋገጡን ግን አይዝለሉት። ብሮውዘሩ አልሞላም ሲል ብዙ ጊዜ እየነገረዎት ያለው «ይህን በር አላውቀውም» ነው። በጥምቀት ሰሞን የእንግዳ መልእክት በሚበዛበት ሰዓት «ማስያዣው ሊሰረዝ ነው፣ ቶሎ ገብተው ያረጋግጡ» የሚል ኢሜይል ይመጣል። ገጹ ቁርጥ እውነተኛውን ይመስላል፤ አድራሻው ግን አንድ ፊደል ይለያል። የደከመ ሰው ዓይን ያልፈዋል፣ ብሮውዘር ግን አያልፈውም። ስለዚህ ሁልጊዜ የሚሞላልዎ ሳይት ድንገት ባዶ ሳጥን ካቀረበ፣ ፓስዎርዱን ከደብተር አምጥቶ መጻፍ የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው እርምጃ አይሁን። ኢሜይሉን ዝጉ፣ አድራሻውን ራስዎ ጽፈው ወይም ካስቀመጡት ቡክማርክ ይክፈቱ፤ እዚያ ከሞላ የፊተኛው ሐሰተኛ ነበር።

አድራሻው ልክ ሆኖ እንቢ ካለ የሚቀሩት ጥቂት ናቸው። አንድ ጊዜ «ኔቨር» የተባለ ሳይት ዳግመኛ አይጠየቅም፤ ፓስዎርድ ማናጀሩ ሴቲንግስ ታች ላይ እምቢ የተባሉ ሳይቶች ዝርዝር አለ፣ ከዚያ ያስወግዱት። እዚያው ላይ ፓስዎርድ ለማስቀመጥ ይጠይቅ የሚለው መብራቱን ይዩ፤ ግራጫ ሆኖ አልነካ ካለ ወይ ሌላ የፓስዎርድ ኤክስቴንሽን ይዞታል፣ ወይ በድርጅት ፖሊሲ ተቆልፏል። ሁለት ፓስዎርድ ያዢዎች በአንድ ሳጥን ላይ ሲሻሙ ሁለቱም ይሰናከላሉ፤ አንዱን ይምረጡና ሌላውን ያጥፉ። ሲሞላ ዊንዶውስ ፒን የሚጠይቀው አማራጭ በርቶ ፒኑ ከተበላሸም አይሞላም። ኢንኮግኒቶ (ታሪክ የማያስቀምጠው) መስኮት ውስጥ ራሱ አይሞላም፣ አዲስም አያስቀምጥም፤ የተቀመጠውን ግን ሳጥኑን ሲጫኑ ያቀርባል። የዋይፋይ ራውተር ገጽ ላይ የተሳሳተ ከሞላ ደግሞ አይገረሙ፦ ብዙው ራውተር አድራሻው 192.168.1.1 ስለሆነ የቀድሞውን ራውተር ፓስዎርድ ነው የሚያቀርበው።

የባልደረባዎን የሚያመጣው ነገር ብልሽት አይደለም። ክሮም ለአንድ ሳይት ሁለት ሦስት ዩዘርኔም ካለው በመጨረሻ የገባበትን ይሞላል። ፋየርፎክስ በተቃራኒው ብዙ ካሉ ዝም ብሎ ዝርዝር ያቀርባል። ለጊዜው የዩዘርኔሙን ሳጥን አጽድተው ሲጫኑት ሁሉም ይወጣሉ፤ የእርስዎን ይምረጡ። ዝርዝሩ ውስጥ የእርስዎ ሁለት ጊዜ ካለ ስልክ ቁጥሩን ይዩ፦ በ09 የተጻፈውና በ251 የተጻፈው ለብሮውዘሩ ሁለት ሰው ናቸው። ሳይቱ የሚቀበለውን ያቆዩ፣ ሌላውን ያጥፉ።

ለፈረቃ ሥራ ትክክለኛው መላ ግን ለእያንዳንዳችሁ የተለየ የክሮም ፕሮፋይል ነው። ክቡን ምስል ተጭነው «አድ»፣ ስም፣ የተለየ ቀለም፣ ተፈጸመ። የየራሱ ፓስዎርድ፣ የየራሱ ኩኪ ይኖረዋል፤ የጠዋቱ ተረኛ የማታውን አያይም። ይህ ግን መደባለቅን እንጂ መጠለፍን አይከለክልም፤ በአንድ የዊንዶውስ አካውንት ስር እስካለ ድረስ ማንም የማንንም ፕሮፋይል መክፈት ይችላል። ዊንዶውሱ ራሱ የመግቢያ ፓስዎርድ ከሌለው ደግሞ ፓስዎርድ ማናጀሩ ላይ ያለችውን የዓይን ምልክት የተጫነ ሁሉ ፓስዎርዱን በግልጽ ያነባል። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል። ለሦስታችሁ ሦስት የዊንዶውስ አካውንት ማበጀት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ ከወንበር ሲነሡ የዊንዶውስ ምልክት ካለበት ቁልፍ ጋር ኤልን ተጭነው መቆለፍ ይልመድ። የባንክ ፓስዎርድ ደግሞ እንግዳ መቀበያ ኮምፒውተር ላይ ጨርሶ አይቀመጥ። ክራክ የተደረገ ፕሮግራም የተጫነበት ኮምፒውተር ከሆነ በተለይ፦ ብሮውዘር ለእርስዎ መክፈት የሚችለውን፣ በእርስዎ ስም የሚሮጥ ሌባ ፕሮግራምም ብዙውን ጊዜ ለመክፈት ይደርስበታል።

ሞልቶ «ግባ» አልሠራ የሚለው ቀላል ነው። ክሮም ገጹ ሲከፈት የሞላውን ፓስዎርድ፣ እርስዎ ገጹን እስኪነኩት ድረስ ለገጹ ኮድ አያሳየውም። እርስዎ ነጠብጣቦቹን ያያሉ፣ ገጹ ግን ሳጥኑ ባዶ ይመስለውና ቁልፉን አደብዝዞ ይጠብቃል። ገጹ ላይ ባዶ ቦታ አንዴ ይጫኑ። ካልነቃ ፓስዎርዱ ሳጥን ውስጥ ገብተው አንድ ፊደል ጨምረው ያጥፉት፤ ያን ጊዜ ገጹ ለውጡን ይሰማል። ዩዘርኔም በአንድ ገጽ፣ ፓስዎርድ በሚቀጥለው የሚጠይቁ ሳይቶች ላይ ደግሞ ፓስዎርዱ ያለ ዩዘርኔም የሚቀመጥበት ጊዜ አለ፤ ዝርዝሩ ውስጥ ስም የሌለው ካዩ ኤዲት ብለው ስሙን ይጨምሩለት።

ሞልቶ «የተሳሳተ ፓስዎርድ» ካለ የተቀመጠው ራሱ የተሳሳተ ነው። የዓይን ምልክቷን ተጭነው ያንብቡት። የአማርኛ ኪቦርድ በርቶ የተጻፈ ከሆነ የግዕዝ ፊደል ያዩበታል። ስልክ ላይ የተቀመጠ ከሆነ የዩዘርኔሙ የመጀመሪያ ፊደል ትልቅ ሆኖ ሊሆን ይችላል፤ ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን ኪቦርዱ ቃል ሲጠቁም ከኋላ የሚጨምራት ባዶ ቦታ ናት። አትታይም፤ ግን አታስገባም። ጠቋሚውን የስሙ መጨረሻ ላይ አድርገው አንዴ ወደ ኋላ ማጥፊያውን ቢጫኑና የመጨረሻው ፊደል ካልጠፋ፣ የጠፋችው እሷ ነበረች።

ወደ ስልኩ። ቴሌግራም ሊንክ ሲከፍት በራሱ ውስጥ ባለው ብሮውዘር ሊከፍተው ይችላል፤ ያ ደግሞ የክሮም ፓስዎርዶች የሉትም። ፌስቡክም እንዲሁ ያደርጋል። ከላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጭነው በክሮም ክፈት ይበሉት፣ ወይም ከቴሌግራም ሴቲንግ የውስጥ ብሮውዘሩን ያጥፉት። ከክሮም ውጭ አፖች ላይም እንዲሞላልዎ ከፈለጉ የስልኩን ሴቲንግ ከፍተው መፈለጊያው ላይ «ኦቶፊል» ብለው ይጻፉ፤ ሳምሰንግ፣ ቴክኖና ኢንፊኒክስ ቦታውን የተለያየ ስፍራ ስለሚያደርጉት በሜኑ ከመዞር ይህ ይሻላል። የሚመጣው ላይ ጉግልን ይምረጡ። ሳምሰንግ የራሱን መርጦ ስለሚመጣ ፓስዎርዱ ግማሹ እዚህ ግማሹ እዚያ ይሆናል። ጉግል ፕሌይ ሰርቪስስ ያረጀ ከሆነም አንድሮይድ ላይ ፓስዎርዱ አይመጣም፤ ዋይፋይ ሲያገኙ ያድሱት። ማይክሮሶፍት ኦተንቲኬተር ላይ ፓስዎርድ ያስቀመጠ ባልደረባ ካለ ደግሞ፣ ያ አፕ በፈረንጆቹ ጁላይ 2025 ፓስዎርድ መሙላቱን አቁሟል፤ ፓስዎርዶቹን ኤጅ ብሮውዘር ውስጥ በዚያው አካውንት ገብቶ ይፈልጋቸው።

ማረፊያው የራሱ ሳይት ካለውና እሱ ላይ ብቻ የማይሞላ ከሆነ ለሠራላችሁ ልጅ ይህን ያሳዩት። ሁለቱ ሳጥኖች በአንድ ፎርም ውስጥ ይሁኑ፤ ስማቸው ገጹ በተከፈተ ቁጥር አይቀያየር። የኦቶኮምፕሊት ምልክታቸው ለመጀመሪያው «ዩዘርኔም»፣ ለሁለተኛው «ከረንት-ፓስዎርድ» ይሁን። «ኒው-ፓስዎርድ» የሚለው ለመመዝገቢያና ለመቀየሪያ ገጽ ብቻ ነው፤ መግቢያው ላይ ከተጻፈ ብሮውዘሩ የተቀመጠውን ትቶ አዲስ ሊፈጥርልዎ ይነሣል። «ኦፍ» ብሎ መጻፍ ደኅንነት አይጨምርም፤ ዘመናዊ ብሮውዘሮች ለመግቢያ ሳጥን ቸል ይሉታል። ፔስት ማድረግን መከልከልም እንዲሁ ሰውን ወደ አጭርና ቀላል ፓስዎርድ ከመግፋት በቀር ጥቅም የለውም።

ሁሉም ሲስተካከል አንድ ቅጂ ያውጡ፦ ፓስዎርድ ማናጀር፣ ሴቲንግስ፣ «ኤክስፖርት»። የሚወጣው የሲኤስቪ ፋይል ቁልፍ የለውም፤ በኖትፓድ የከፈተ ሁሉ ያነበዋል። ስለዚህ ባለቤቱ ጋ በሚቆለፍ ቦታ የሚቀመጥ አንድ ፍላሽ ላይ ያድርጉት፤ ፎቶ ኮፒ ቤት የሚወሰደው ፍላሽ ላይ አይሁን። ኮምፒውተሩ ላይ የቀረውን ሺፍትና ዲሊትን አንድ ላይ ተጭነው ያጥፉ፤ በዲሊት ብቻ ከሆነ ሪሳይክል ቢን ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። በሚቀጥለው ጊዜ ፎርማት የሚያደርግላችሁ ሰው ሲመጣ ከመጀመሩ በፊት ይህ ቅጂ መኖሩን ያረጋግጡ።

ይህን ሁሉ አይተው አንዱ ሳይት አሁንም እንቢ ካለ ይጻፉልኝ፦ የክሮሙ ስሪት ቁጥር፣ የዊንዶውሱ ስሪት፣ ከላይ የሚታየው አድራሻ እስከ መጀመሪያው እዝባር ድረስ፣ ፓስዎርድ ማናጀሩ ላይ ለዚያ ሳይት የተጻፈው አድራሻ፣ እና ሳጥኑን ሲጫኑ የሚወጣውን የሚያሳይ ፎቶ። ፎቶው ላይ ዩዘርኔሙን ይሸፍኑት፤ ፓስዎርዱን ለእኔም ለማንም አይላኩ።